ቡናቸውን ጠጪ፣ እሱን ግን ጤና ጣቢያ ይዘሽው ሂጂ

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። የ27 ዓመት ወጣት ነኝ፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ከእጮኛዬ ጋር ሦስት ዓመት አብረን ቆይተናል። ሽማግሌ ሊልክ ሲል አክስቴ አጣርታ «ልጁ የዘነበወርቅ ሰፈር ልጅ ነው፤ እናቱ የሥጋ ደዌ ነበረባት» ብላ ለአባቴ ነገረችው። አባቴ የወሎ ሰው ነው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙን መስማት አይፈልግም። «ይሄ ነገር በዘር ነው የሚሄደው። ቆማጣን ቆማጣ ካላሉት ገብቶ ይፈተፍታል» ይላል።

የእናቱን ነገር እኔ ድሮም አውቅ ነበር፤ ራሱ ነግሮኛል። ከጎጃም መጥተው እዚህ ታክመው ድነዋል። እሱ የተወለደው ከዚያ በኋላ ነው። ጣቶቻቸው ግን አጥረዋል፤ ሲራመዱም ያነክሳሉ። እውነቱን ልናገርና መጀመሪያ ቤታቸው የሄድኩ ቀን ቡና ሲያቀርቡልኝ «ጨጓራ አለብኝ» ብዬ አልጠጣሁም። ጀበናውን በጨርቅ ጠቅልለው ነበር የያዙት። እጃቸውን ለመደበቅ መሰለኝና አንጀቴን በሉት፤ መጠጣት ግን አልቻልኩም። እሱ አኩርፎኝ ሰነበተ።

እሱ ጤነኛ ነው። ክንዱ ላይ ብቻ ነጣ ያለች ምልክት አለችው፤ ቋቁቻ ናት ይላል፤ ቅባት ቢቀባም አልጠፋችም። ስቆነጥጠው «እዚያ ጋ አይሰማኝም» እያለ ይቀልዳል። ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው። በሽታው ወደ ልጆቼ ይሄዳል ወይ? እናቱ ቤት መብላት መጠጣትስ? አባቴን እንዴት ላሳምነው? እህቴ ደግሞ «ሠርጉ ላይ እናቱ ባይታዩ ነገሩ ይበርዳል» ትላለች።

ግራ የገባኝ ነኝ

መልስ፦

እህቴ፣ ደብዳቤሽ ውስጥ ሁሉም ሰው የሚያየው እናትየውን ነው። አባትሽ፣ አክስትሽ፣ እህትሽ፣ አንቺም ጭምር። እኔን ያስደነገጠኝ ግን በቀልድ መሃል ያለፍሻት መስመር ናት። ቅባት ያላጠፋት፣ ሲቆነጠጥ የማትሰማው ነጣ ያለች ምልክት። ከእሷ እንጀምር። የአባትሽ ጉዳይ ትንሽ ቢቆይ ምንም አይሆንም፤ እሷ ግን አትቆይም።

ቋቁቻ ሊያሳክክ ይችላል፤ እንደ ፎረፎር ይረግፋል። ስሜት ግን አያጠፋም። ቆዳ ላይ ነጣ ወይም ቀላ ያለ ምልክት ወጥቶ ቦታው ላይ ስሜት ከቀነሰ፣ ሐኪም መጀመሪያ ከሚያስባቸው ነገሮች አንዱ የሥጋ ደዌ ነው። ነው እያልኩሽ አይደለም። በደብዳቤ ምርመራ አይደረግም። መታየት እንዳለበት ግን አልጠራጠርም፤ በዚህ ሳምንት።

አጠገባችሁ ያለ ጤና ጣቢያ ሂዱና ቲቢና የሥጋ ደዌ የሚታይበትን ክፍል ጠይቁ። በአገራችን ሁለቱ በአንድ ፕሮግራም ስር ናቸው። ምርመራው የሚያስፈራ ነገር የለውም። ባለሙያው ዓይንህን ጨፍን ይለውና በተፈተለ ጥጥ ጫፍ ቆዳውን ነካ ነካ ያደርገዋል። የነካውን ቦታ በጣቱ እንዲጠቁም ነው የሚፈለገው። ጤነኛው ቆዳ ላይ ወዲያው ይጠቁማል፤ ምልክቷ ላይ ሲደርስ ዝም ካለ ነገሩ ይታወቃል። ከዚያ ክርኑን ከኋላ በኩል፣ ጉልበቱን ከጎን፣ አንገቱን እየዳበሰ ነርቮቹ አብጠው እንደሆነ ያያል። አንዳንዴ ከጆሮ ጫፍ ትንሽ ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ይታያል። በቃ።

«የዘነበወርቅ ልጅ ሆኖ ይህን እንዴት አያውቅም?» ትዪኝ ይሆናል። እኔ የምፈራው ማወቁን ነው። እዚያ ሰፈር ያደገ ልጅ እንዲህ ያለ ምልክት ምን ማለት ሊሆን እንደሚችል ከአንቺም ከእኔም በላይ ሰምቷል። ሰው ደግሞ የሚያውቀውን ነገር ነው በቀልድ የሚሸፍነው። ስለዚህ ስትነግሪው እንደ ፖሊስ አታፋጥጪው። «አብረን እንሂድ፣ እኔም ልታይ» በዪው። ውሸት አይደለም፤ እሱ ከተገኘበት አንቺም ትታያለሽ። የቅርብ ሰዎች በሽታው እንዳይይዛቸው አንድ ጊዜ ብቻ የሚዋጥ ሪፋምፒሲን እንዲሰጥ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል፤ ለአንቺ ይሆን እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቂው።

ከተገኘበትስ? ይታከማል፣ ይድናል። ሪፋምፒሲን፣ ዳፕሰንና ክሎፋዚሚን የሚባሉ ሦስት መድኃኒቶች በአንድ ላይ ይሰጣሉ። ምልክቱ ጥቂት ከሆነ 6 ወር፣ ብዙ ከሆነ ወይም ነርቭ ላይ ከገባ 12 ወር ነው። የ28 ቀኑ ክኒን በአንድ ማሸጊያ ተደርድሮ ይሰጠዋል። የመጀመሪያውን ባለሙያው ፊት ይውጣል፤ ሌላውን ቤት። የሚከፈል ነገር የለም፤ መድኃኒቱ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ዙሪያ በነፃ ነው የሚታደለው። የወሩን ሪፋምፒሲን የዋጠ ቀን ሽንቱ ቀላ ይላል፤ አትደንግጡ። ክሎፋዚሚን ቆዳውን ያጠቁረዋል፤ ሲጨርስ ቀስ በቀስ ይመለሳል። አክስትሽ «ምን ሆኖ ነው የጠቆረው?» ብትል ፀሐይ ነው በያት፤ እሷን አይመለከታትም።

አንድ ነገር ግን አስምሪበት። በሕክምናው መሃል፣ አንዳንዴም ከጨረሰ በኋላ፣ ምልክቱ በድንገት ሊቀላና ሊያብጥ፣ ነርቩ ሊያመው፣ እጁ ወይም እግሩ ሊዝል ይችላል። ብዙ ሰው «መድኃኒቱ ጎዳኝ» ብሎ የሚያቋርጠው ይሄኔ ነው። የሰውነት መቆጣት ነው፤ የራሱ መድኃኒት አለው። ጣት የሚያጣምመው፣ እግር የሚያልፈሰፍሰው ነርቭ አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዳው በእነዚህ ቀናት ነው። በዚያው ቀን ሐኪም ጋ መሮጥ ነው፤ ክኒኑን ማቋረጥ የለም።

«እናቱ ከመወለዱ በፊት ድነው ከሆነ ታዲያ ከየት መጣበት?» ይህን አባትሽም ይጠይቁሻል። በሽታው የሚመጣው በባክቴሪያ ነው። የሚተላለፈውም ያልታከመ ሰው ጋር ለረጅም ጊዜ በቅርብ ሲኖሩ፣ በትንፋሽና ከአፍንጫ በሚወጣ ፈሳሽ እንደሆነ ነው የሚታመነው። ባክቴሪያው ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ ምልክት ለማሳየት በአማካይ 5 ዓመት ይፈጅበታል፤ 20 ዓመት ተደብቆ የሚቆይበትም ጊዜ አለ። ልጅ ሆኖ አብሮት የተጫወተው፣ አጠገቡ ተከራይቶ የነበረው፣ ማን እንደሆነ ማንም አያውቅም። በኢትዮጵያ አሁንም በየዓመቱ ከ2 ሺህ በላይ አዳዲስ ሕሙማን ይገኛሉ፤ ሁሉም የዘነበወርቅ ልጆች አይደሉም። በደም አይወረስም። ልጆችሽ ከአያታቸው የሚወርሱት በሽታ የለም። አባታቸው ቢገኝበት እንኳ መድኃኒት በጀመረ በቀናት ውስጥ ማስተላለፉን ያቆማል። ደግሞም ከ100 ሰው 95 የሚሆነውን ሰውነቱ ራሱ ይከላከልለታል። ሠርጉን ለማራዘም የሕክምና ምክንያት የለም።

አሁን ወደ እናትየው እንሂድ።

ያ ጨርቅ ለመደበቂያ አልነበረም። የሥጋ ደዌ የሚበላው የስሜት ነርቭን ነው። እጃቸው ትኩስና ቀዝቃዛን አይለይም። ጀበና በባዶ እጅ ቢይዙ ቆዳቸው ሲቃጠል የሚያውቁት በጠረኑ ነው፣ ወይም ቁስሉን ሲያዩት። ጨርቁን የጠቀለሉት ሆስፒታል ውስጥ የተማሩት ነገር ስለሆነ ነው። ጣትም የሚያጥረው በዚሁ መንገድ ነው፤ ብዙ ሰው እንደሚያስበው በሽታው ጣት ቆርጦ አይጥልም። ምጣድ ያቃጥላል፣ አይሰማም። እሾህ ይወጋል፣ አይሰማም። ቁስሉ ያመረቅዛል፣ አጥንት ይደርሳል፣ አጥንቱ እየሟሸሸ ይሄዳል። ባክቴሪያው ሞቶ ካለቀ ከዓመታት በኋላ እንኳ እጅና እግር የሚጎዳው ለዚህ ነው። አንቺ ያየሽው የድሮ በሽታ ጠባሳ ነው። ጠባሳ አይጋባም።

ጨጓራውን ደግሞ አላመኑሽም። እኒህ ሴት በሕይወታቸው ስንት ጨጓራ፣ ስንት «አሁን በልቼ መምጣቴ ነው»፣ ስንት «ጾም ላይ ነኝ» ሰምተዋል መሰለሽ! ልጃቸው ያኮረፈው ለዚያ ነው። ይቅርታ ልጠይቅ ብለሽ ግን ንግግር አታብዢ፤ እሳቸውንም ታሸማቅቂያለሽ። ሂጂና «ቡና አምሮኝ ነው የመጣሁት» በዪ። አቦሉን ጠጥተሽ እንዳትነሺ፤ እስከ በረካው ቁጭ በዪ። ከቡና ቁርሱም ብዪ። ጀበናውን ካልያዝኩልዎ ብለሽ አትታገይ፤ ስንት ዓመት ሲቀዱ ኖረዋል። ከፈለግሽ ወፍራም የጀበና መያዣ ሰፍተሽ ውሰጂላቸው፤ ከሽቶ ይሻላል።

ስለ ሰፈሩም ትንሽ ልበል፤ «የዘነበወርቅ ልጅ» የምትለዋ ነገር ያስቆጣኛል። በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የተጠራው ሆስፒታል እዚያ ነበር፤ በ1965 እ.ኤ.አ. አለርት የሚባለው የሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ ማዕከል ተቋቋመበት። ያኔ ከተማው እዚያ አልደረሰም። ከጎጃም፣ ከጎንደር፣ ከወሎ፣ ከሸዋ ሕክምና ፍለጋ ሰው ይመጣ ነበር። ታክሞ ሲጨርስ አገሩ የሚቀበለው የለም። መሬቱን ወንድም ይዞታል፣ ሚስት ሌላ አግብታለች፣ ጎረቤት አብሮ አይበላም። ስለዚህ ሆስፒታሉ ጥግ ጎጆ ቀለሰ። እርስ በርሱ ተጋባ፤ ወለደ። አንዳንዱ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ለመነ፣ አንዳንዱ ሸማ ሠራ፣ ሴቶቹ ፈተሉ፣ ጠለፉ። የአለርትን ጥልፍ አይተሽ ከሆነ በታጠፉ ጣቶች የተሠራ መሆኑን አትጠረጥሪም። ከተማው ደግሞ ምን አደረገ? ቆሻሻውን ወስዶ ጎናቸው ደፋው። ቆሼን ማለቴ ነው። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ያ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሲሞት ነው ብዙዎቻችን ሰፈሩን ያስታወስነው። የእጮኛሽ እናት እንግዲህ ከዚያ ሁሉ መሃል ነው ልጅ አሳድገው፣ አስተምረው ለአንቺ ያደረሱት። አክስትሽ አጣራሁ ስትል ይህን አላጣራችም።

አባትሽን «ኋላ ቀር» አትበያቸው፤ ቢያንስ በመጀመሪያው ቀን። የወሎ ሰው ናቸው ብለሻል። እንግዲያው ደሴ አጠገብ ያለውን ቦሩ ሜዳን ያውቁታል፤ የሥጋ ደዌ ሕክምና ይሰጥበት የነበረ ሆስፒታል ነው። የአሁኑ የጣምራ ሕክምና የመጣው በ1981 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት ዳፕሰን ብቻውን ነበር፤ ለዓመታት፣ ለአንዳንዱም ዕድሜ ልክ ይወሰድ ነበር። አባትሽ በልጅነታቸው ያዩት ቁስሉ የማይደርቅ፣ ፊቱ የተለወጠ ሰው ነው። የፈሩት ያዩትን ነው። መጀመሪያ ያዩትን ይንገሩሽ። «አባዬ፣ በልጅነትህ ያየኸው ሰው ነበር?» ብለሽ ጠይቂና አታቋርጪያቸው።

«በዘር ነው» የሚለውም እሳቸው የፈጠሩት አይደለም። ላሊበሎች ጎህ ሳይቀድ በየደጁ እየዞሩ የሚያዜሙት፣ ካቆምን ደዌው ይወጣብናል ብለው ነው ሲባል ስንሰማ አይደል ያደግነው? ጤነኛ ሰዎች፣ ከአያት ቅድመ አያት የወረሱት ፍርሃት። ደግሞ እኛ ብቻ አይደለንም። ኖርዌይ ውስጥ በሽታውን በማጥናት ስማቸው የገነነ ዳንኤልሰን የሚባሉ ሐኪም ነበሩ፤ እሳቸውም በዘር ነው ባይ ነበሩ። በ1873 እ.ኤ.አ. ባክቴሪያውን አግኝቶ ያንን ያፈረሰው ሐንሰን ነው። ሐንሰን ማን መሰለሽ? የዳንኤልሰን የልጃቸው ባል! ዛሬ አለርት አጠገብ ያለው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም የሚጠራው በእሱ ስም ነው። ይህችን ታሪክ ለአባትሽ አጫውቻቸው፤ አማችና አማት የተከራከሩበት ስለሆነ ይወዷታል።

ሕጉንም ጨምሪበት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከተጋቢዎቹ አንዱ የሥጋ ደዌ ያለበት ሆኖ መገኘቱን ጋብቻ ለማፍረስ የሚያበቃ ስሕተት አድርጎ በስም ይጠቅሰው ነበር። ስለዚህ የእሳቸው ትውልድ ይህን ከሕግም ሰምቶታል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን ያንን ስም አውጥቶታል። አሁን የሚለው የማይድን ወይም በዘር ሊተላለፍ የሚችል በሽታ ነው። የሥጋ ደዌ ደግሞ ይድናል፣ በዘርም አይተላለፍም።

ይህን ሁሉ ግን አንቺ ብቻሽን አትንገሪያቸው። ልጅ ናት፣ ፍቅር አሳውሯታል ይሉሻል። የሚያከብሩት ሰው ፈልጊ፤ የነፍስ አባትም ይሁኑ፣ ሼህም ይሁኑ፣ የዕድር ዳኛም ይሁኑ። ከእሳቸው ጋር አንድ የጤና ባለሙያ ይሂድ። የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ያከመ ነርስ ብታገኚ ከፕሮፌሰር ይበልጣል፤ ዕድሜውን ሙሉ ቁስል ሲያጥብ ኖሮ ምንም ያልሆነ ሰው አባትሽ ፊት ሲቀመጥ ብዙ ማስረዳት አያስፈልገውም። ጠበል ይቅደም ካሉም አትከራከሪ፤ ጠበሉ ይጠመቅ፣ ክኒኑም ይዋጥ። ተረቱን ግን ቤት ውስጥ አይድገሙት። የአማቻቸው እናት ናቸው፤ አንድ ቀን አንድ ገበታ ላይ ይቀርባሉ፣ ያ ቃል ደግሞ አይረሳም። ይህን በቀጥታ ንገሪያቸው፣ በአክብሮት።

የክንዱን ነገርስ ለአባትሽ ትነግሪያለሽ? እኔ አልነግርም። ገላው የእሱ ነው፤ ውጤቱ ከታወቀ በኋላ ማን እንደሚሰማ እሱ ይወስን። አንቺ የማወቅ መብት አለሽ፤ ቤተሰብሽ ግን አብሮት አይተኛም። ከመረጠ ከሕክምናው በኋላ ራሱ ይናገራል። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ግን ይታይ፤ ያልታወቀ ነገር ይዛችሁ ሽማግሌ ፊት አትቅረቡ፣ መልስ ስትሰጡ ድምፃችሁ ይንቀጠቀጣል።

ከሽማግሌዎቹም አንዱ ያንን ሰፈር የሚያውቅ ሰው ቢሆን ጥሩ ነው። የሥጋ ደዌ ተጠቂዎች ብሔራዊ ማኅበር አላቸው፤ እዚያ ስለ መገለል በአደባባይ ሲናገሩ የኖሩ፣ አንደበታቸው የተባ ሰዎች አሉ። እጮኛሽ ሳያውቃቸው አይቀርም። አባትሽ እንዲህ ያለ ሰው ነጠላውን ለብሶ ፊት ለፊታቸው ቁጭ ብሎ ሲያወራ ቢያዩት፣ የእኔን አንድ ገጽ ሙሉ ምክር ያስረሳቸዋል።

የእህትሽን ሐሳብ አልወደድኩትም። ሠርጉ ላይ እናቱ ካልታዩ እሱስ ምን ብሎ ነው የሚሞሸረው? የሙሽራው እናት የሚቀመጡበት ቦታ ይታወቃል፤ እዚያው ይቀመጡ። ጉልበት ሲሳም የእሳቸውም ይሳማል፤ ቪዲዮ ቀራጩም ካሜራውን እንዳያዞር ቀድማችሁ ንገሩት። አፍጥጦ የሚያይ እንግዳ አይጠፋም። ይየው፤ ሲጠግብ ይተዋል።

ለሠርጉ አዲስ ጫማ ልግዛላቸው ማለትሽ አይቀርም፤ ጥሩ ነው፣ ግን ተጠንቀቂ። ቢነክሳቸው አይሰማቸውም። ሰፋ ያለ፣ ውስጡ ለስላሳ፣ ሶሉ ጠንከር ያለ ይሁን፤ ሹልና ጠባቡን ተዪው። ከሠርጉ ሳምንታት ቀደም ብለሽ ስጪያቸውና መጀመሪያ በቀን ለአጭር ጊዜ ብቻ ያድርጉት፤ ሲያወልቁ አንድ ሰው እግራቸውን ገልብጦ ይይላቸው። የቀላ ቦታ ካለ ያ ጫማ አይሆንም። የሠርጉ ቀን የቆየውን ምቹ ጫማቸውን በፌስታል ይዘሽ ሂጂ፤ ጭፈራው ሲጀመር ይቀይሩታል።